የእድገት በኅብረት ዘመቻና የሕክምና ትምህርት ደጃፍ

በኢትዮጵያ ወደ ሕክምና ትምህርት የሚያስገባው ዋናው ነገር የፈተና ውጤት ነው። በመሐል ሜዳ ወይም በዓለም ከተማ በቀይ መስቀል ክበብ ታቅፎ የመጀመሪያ ርዳታ የተማረ ወጣት፣ ድካሙ በምደባ ጊዜ አይቆጠርለትም። በአሜሪካ ግን አመልካቹ በበጎ ፈቃድ ያገለገለበት ሰዓት ሳይቀር በማመልከቻው ላይ ይሰፍራል። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያም ከክፍል ውጭ የሚከናወን ሥራ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ግዴታ የሆነበት ዘመን ነበር።

የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ወደ 60 ሺሕ የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ወደ ገጠር እንዲዘምቱ ታወጀ። ያልዘመተ ትምህርቱን መቀጠልም ሆነ ሥራ መቀጠር አይችልም ተባለ። ስለዚህ ሐኪም ለመሆን የሚመኘው የ12ኛ ክፍል ተማሪም አስቀድሞ መዝመት ነበረበት። ቀደም ብሎ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር፤ እርሱ ግን የመመረቂያ እንጂ የመግቢያ መስፈርት አልነበረም።

ፊደል ማስቆጠር፣ ምንጭ ማጎልበት፣ መጸዳጃ ማስቆፈር ከዘማቹ ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል ነበሩ። ለወደፊቱ ሐኪም የደጋው አገር ታላቅ መጽሐፍ ነው። ብርዱ ሰውን በባናና በዝተት ጠቅልሎ በአንድ ጣራ ሥር በሚያስተኛበት እንደ መንዝና ግሼ ባለ አገር፣ ቅማል ተስቦንና የግርሻ ትኩሳትን እንዴት እንደሚያዛምት ከመማሪያ ክፍል ይልቅ ጎጆው ያስተምራል።

ነገር ግን ዘማቹ ጤናን ብቻ ይዞ አልሄደም። የገጠር መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ አስፈጻሚው እርሱ ሆነ። በርስት ሥርዓት ይተዳደር በነበረው መንዝ፣ በደቡብ ጭሰኛ ዘንድ እልልታ ያስነሣው አዋጅ ጥርጣሬን አስከተለ፤ ዐመፅም ተነሣ። በሌሎች አካባቢዎችም ሕይወታቸው ያለፈ ዘማቾች ነበሩ፤ ዘመቻው በ1968 ዓ.ም. ከማብቃቱ በፊት ጥለውት የሄዱትም ብዙ ናቸው። መንደሩ ውስጥ መገኘት መልካም ነበር፤ ጥፋቱ ያልሠለጠነን ልጅ፣ ያለ ጤና ባለሙያ ክትትል፣ የመንግሥት ክንድ አድርጎ መላኩ ላይ ነው።

ከደንቢያው የወባ ወረርሽኝ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ግን ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ተማሪዎች በቡድን ሆነው፣ መምህር አብሯቸው ሳለ፣ በየጤና ጣቢያው ይሠለጥኑ ነበር።