ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ወደ ዲዛይን ትምህርት ቤት፦ በአትላንታ ክሬዲት ማዛወር

በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የአትላንታ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በክላርክስተን፣ ፔሪሜትር ኮሌጅ ካምፓስ አለው። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አካል ሲሆን የሁለት ዓመት ዲግሪ ይሰጣል። በዝቅተኛ ክፍያ እዚያ ጀምሮ ወደ ዲዛይን ትምህርት መሻገር የተለመደ ዕቅድ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ክሬዲት ተቀባይነት አገኘ ማለት የምረቃ መስፈርት አሟላ ማለት አይደለም። ብዙ ተማሪዎች ጊዜና ገንዘብ የሚያጡት ይህን ልዩነት ዘግይተው ሲረዱ ነው።

ሁለት መንገዶች

የመጀመሪያው በመንግሥት ተቋማት መካከል የሚደረግ ዝውውር ነው። ጆርጂያ ስቴትም ሆነ የሥነ ሕንፃና የኢንዱስትሪ ዲዛይን ትምህርት የሚሰጠው ጆርጂያ ቴክ በአንድ የግዛቲቱ የዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት ሥር ናቸው። በመሆኑም እንደ እንግሊዝኛና ሒሳብ ያሉ የጋራ መሠረታዊ ትምህርቶች በአብዛኛው ያለ ችግር ይዛወራሉ።

ሁለተኛው ወደ ግል ተቋም የሚደረግ ዝውውር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በሳቫና የተመሠረተውና ከ2005 ጀምሮ በአትላንታም የሚያስተምረው የሳቫና የሥነ ጥበብና ዲዛይን ኮሌጅ (ስካድ) ክሬዲቶችን የሚመዝነው በራሱ መስፈርት ነው። የትምህርት ዘመኑም በሴሚስተር ሳይሆን በኳርተር የተከፈለ ነው። አንድ የሴሚስተር ክሬዲት ከ1.5 የኳርተር ክሬዲት ጋር እኩል ስለሆነ ባለ 3 ክሬዲት ትምህርት 4.5 ይሆናል፤ የኮሌጁ ትምህርቶች ግን በአብዛኛው ባለ 5 ክሬዲት ናቸው። ጉድለቱ እንዴት እንደሚሞላ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የስቱዲዮ ትምህርቶች

የሥዕልና የንድፍ ስቱዲዮ ትምህርቶች አንዱ በሌላው ላይ የሚገነቡ ናቸው። ስለዚህ ትምህርት ቤቶች ከውጤት በተጨማሪ የተማሪውን የሥራ ስብስብ፣ ማለትም ፖርትፎሊዮውን፣ ሊጠይቁ ይችላሉ። ክሬዲቱ በምርጫ ትምህርትነት ብቻ ከተመዘገበ ተማሪው የመጀመሪያውን ስቱዲዮ እንደገና ሊወስድ ይችላል፤ የምረቃው ጊዜም አያጥርም።

ድግግሞሹ ሌላም ዋጋ አለው። ፔል ግራንት የተባለው የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ በዕድሜ ልክ የሚሸፍነው ከ12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተሮች ጋር የሚመጣጠን ትምህርት ብቻ ነው።

ከኢትዮጵያ የተገኘ ውጤት

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወይም በሌላ የኢትዮጵያ ተቋም ተምረው የመጡ ሰዎች ትራንስክሪፕታቸውን በገለልተኛ ገምጋሚ ድርጅት እንዲያስመዝኑ ሊጠየቁ ይችላሉ። ክሬዲት ለማዛወር የሚጠቅመው እያንዳንዱን ትምህርት በየስሙ የሚመዝነው ዝርዝር ግምገማ ነው። አጠቃላዩ ግምገማ የዲግሪውን ደረጃ ብቻ ያሳያል።

ከመመዝገብ በፊት

ተማሪው የእያንዳንዱን ትምህርት ዝርዝር መግለጫና የስቱዲዮ ሥራዎቹን ማስቀመጥ ይኖርበታል። የተቀባዩን ትምህርት ቤት አማካሪም «ይህ ትምህርት የትኛውን የምረቃ መስፈርት ያሟላልኛል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። ይህን ለመጠየቅ አመቺው ጊዜ በኮሚኒቲ ኮሌጁ የመጀመሪያው ሴሚስተር ነው።