ባሮን ቮን ኦቨርቤክ፤ ሁለት አገሮችን ያጨቃጨቀ ውል የፈረሙት ጀርመናዊ ነጋዴና ቆንስል

የማሌዢያ መንግሥት እስከ 2013 ድረስ (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በየዓመቱ 5,300 ሪንጊት ለቀድሞው የሱሉ ሱልጣን ወራሾች ይከፍል ነበር። በወቅቱ ምንዛሪ ሁለት ሺህ የአሜሪካ ዶላር እንኳ የማይሞላ ገንዘብ ነው። ሱሉ ዛሬ በደቡብ ፊሊፒንስ የሚገኝ የደሴቶች ስብስብ ሲሆን፣ ክፍያው የሚመነጨው ከሆንግ ኮንግ የመጡ አንድ ጀርመናዊ ነጋዴ በ1878 ከተዋዋሉት ውል ነው። ውሉ የሚመለከተው የቦርንዮ ደሴትን ሰሜናዊ ክፍል፣ ማለትም ዛሬ ሳባህ የሚባለውን የማሌዢያ ግዛት ነው። ገንዘቡ ኪራይ ነው ወይስ መሬቱ ለዘለቄታው የተላለፈበት ዋጋ? በዚህ ጥያቄ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሙግትም ተካሂዷል።

ነጋዴው ጉስታቭ ኦቨርቤክ ይባላሉ። በ1830 ሌምጎ በምትባል የጀርመን ከተማ ከመድኃኒት ቀማሚ ቤተሰብ ተወለዱ። በብሬመን ንግድ ተምረው ገና በወጣትነታቸው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በፓሲፊክ ውቅያኖስም ብዙ ከዞሩ በኋላ በ1850ዎቹ አጋማሽ ሆንግ ኮንግ ደረሱ። ከተማዋ በእንግሊዞች እጅ ከገባች ገና አሥራ ጥቂት ዓመቷ ነበር። ኦቨርቤክ የተቀጠሩት ዴንት በተባለው ትልቅ የእንግሊዝ የንግድ ቤት ነው። ይህ ቤት በሻይና በሐር ይነግድ ነበር፤ በኦፒየምም ጭምር።

ብዙም ሳይቆዩ የፕራሻ ምክትል ቆንስል ሆነው ተሾሙ፤ በ1864 ደግሞ የኦስትሪያን ቆንስልነት ያዙ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ራቅ ባለ ወደብ ደመወዝተኛ ዲፕሎማት ማስቀመጥ ለብዙ መንግሥታት ውድ ስለነበር፣ በቦታው የሚኖር ነጋዴ መርጠው የክብር ቆንስል ያደርጉት ነበር። ነጋዴው የመርከብ ወረቀት ያያል፣ ችግር የገጠማቸውን ዜጎች ይረዳል። በምላሹም ስሙ ይገዝፍለታል፣ ባለሥልጣናት ዘንድ በቀላሉ ይገባል። የመንግሥት ጉዳይ የት አብቅቶ የግል ንግዱ የት እንደሚጀምር የሚቆጣጠረው ግን አልነበረም። የኦቨርቤክ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይመስለኛል። ኦስትሪያ በ1867 የባሮንነት ማዕረግ ሰጠቻቸው። በዚያው ዓመት አካባቢ ዴንት ኩባንያ ቢከስርም ባሮኑ አልወደቁም። በ1870 የአሜሪካ ባሕር ኃይል አድሚራል የነበሩትን የጆን ዳልግረንን የእንጀራ ልጅ ሮሜይን ጎዳርድን አገቡ።

የቦርንዮ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቻርልስ ሊ ሞዝስ የተባለ በብሩናይ የአሜሪካ ቆንስል በ1865 ከብሩናይ ሱልጣን ለአሥር ዓመት የሚቆይ የመሬት ውል ተቀብሎ፣ ወዲያው ለሆንግ ኮንግ ነጋዴዎች ሸጦት ነበር። ነጋዴዎቹ ያቋቋሙት ሰፈር ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ኦቨርቤክ ይህንኑ ሊያበቃ የተቃረበ መብት በ1875 ገዙ። ሐሳባቸው ውሉን አሳድሰው ለኦስትሪያ-ሃንጋሪ ማስተላለፍ ነበር፤ ቪየና ግን ቅኝ ግዛት የመያዝ ፍላጎት አላሳየችም። ስለዚህ ፊታቸውን ወደ ለንደን መልሰው ከቀድሞው የንግድ ቤት ቤተሰብ ከሆነው ከአልፍሬድ ዴንት ገንዘብ አገኙ።

ዲሴምበር 29 ቀን 1877 የብሩናይ ሱልጣን ሰሜን ቦርንዮን በዓመት በጥቅሉ 15,000 ዶላር ክፍያ ሰጧቸው። የሳባህ ማሃራጃ የሚል ማዕረግም ጨመሩላቸው። የመድኃኒት ቀማሚው ልጅ በወረቀት ላይ ንጉሥ ሆኑ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከመሬቱ ገሚሱ የእኔ ነው የሚል ሌላ ባለቤት ነበር፤ የሱሉ ሱልጣን። ኦቨርቤክ ጊዜ ሳያጠፉ በመርከብ ወደ ሱሉ አቀኑ። ሱልጣን ጀማል ኡል አዛም በዚያን ጊዜ ከስፔን ጋር በጦርነት ተጠምደው ስለነበር ገንዘብም ወዳጅም ያስፈልጋቸው ነበር። ጃንዋሪ 22 ቀን 1878 በዓመት 5,000 ዶላር ተስማሙ። ሱልጣኑ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ለስፔን ተገዙ።

ውሉ የተጻፈው በዓረብ ፊደል፣ በማላይኛ ቋንቋ ነው። የጭቅጭቁ ሥር «ፓጃክ» የምትል ቃል ናት። እንግሊዞች «መስጠትና ማስተላለፍ» ብለው ተረጎሟት፤ የሱልጣኑ ወራሾችና ፊሊፒንስ ደግሞ «ማከራየት» ነው ይላሉ። ሁለቱም የሚይዙት ነገር አላቸው። ውሉ ለዘለዓለም የሚል ሐሳብ አለበት፤ የሸጠ ሰው ደግሞ በየዓመቱ ገንዘብ አይቀበልም። የመሬት ሊዝ ለሚያውቅ አንባቢ የነገሩ ውስብስብነት አይጠፋውም።

ባሮኑ ራሳቸው ግን ጭቅጭቁ ውስጥ አልቆዩም። ግዛቱን የሚረከብ የአውሮፓ መንግሥት አፈላልገው ስላጡ በ1880 ድርሻቸውን ለዴንት ለቀው ወጡ። ዴንት ኖቬምበር 1881 ከእንግሊዝ ዘውድ ቻርተር ተቀበለ፤ የሰሜን ቦርንዮ ኩባንያም ተመሠረተ። ኦቨርቤክ በ1894 ለንደን ውስጥ አረፉ።

ኩባንያው እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገዛ። በ1903 ተጨማሪ ደሴቶች በስም ሲካተቱ ክፍያው ወደ 5,300 ከፍ አለ። ግዛቱ በ1946 የእንግሊዝ ቅኝ፣ በ1963 የማሌዢያ አካል ሆነ። ፊሊፒንስ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድማ፣ በ1962፣ የይገባኛል ጥያቄዋን በይፋ አቅርባ ነበር። በፌብሩዋሪ 2013 ከሱሉ የተነሡ ሁለት መቶ የሚሆኑ ታጣቂዎች ላሃድ ዳቱ በሚባለው የሳባህ ወረዳ ወረዱ። በተከተለው ውጊያ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ማሌዢያም ክፍያውን አቆመች።

ወራሾቹ ወደ ግልግል ዳኝነት ሄዱ። በ2022 አንድ ስፔናዊ ዳኛ ፓሪስ ላይ ሆኖ ማሌዢያ 14.9 ቢሊዮን ዶላር እንድትከፍል ወሰነ። የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2023 ዳኛው ሥልጣን የለውም አለ፤ የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ችሎትም በኖቬምበር 2024 ይህንኑ አጸና። ዳኛው በበኩሉ የስፔን ፍርድ ቤት ሥራህን አቁም ሲለው አልታዘዝም በማለቱ አገሩ ላይ ተፈርዶበታል።