ራምቦ ከሐረር የጻፋቸው ደብዳቤዎች

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው በ1880 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ግጥም መጻፍ ከተወ ከዓመታት በኋላ ነበር። ከዚያ እስከ 1891 ድረስ ከኤደን፣ ከሐረርና ከሸዋ የላካቸውን ደብዳቤዎች ዛሬ የዓለም ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጓቸዋል። ይዘታቸው ግን የነጋዴ ነው። ለእናቱና ለእህቱ ለኢዛቤል ስለ ገበያውና ስለ ድካሙ ይነግራቸዋል፤ የእጅ ሥራና የምሕንድስና መጻሕፍት እንዲልኩለት ይጠይቃል። በግንቦት 1883 ሐረር ላይ ራሱን ያነሳቸውን ፎቶግራፎችም ልኮላቸዋል።

በ1887 ከ2,000 በላይ ጠመንጃ ይዞ ሸዋ ደረሰ። ንጉሥ ምኒልክ የሟች ሸሪኩን የላባቱን ዕዳ ከዋጋው ላይ አስቀንሰው ቀሪውን ከሐረር ገዥ ከደጃዝማች (በኋላ ራስ) መኮንን እንዲቀበል አደረጉ። ራምቦም ሂሳቡን ዘርዝሮ በዚያው ዓመት ኅዳር ኤደን ለነበረው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል ጻፈ። ለኢትዮጵያ ታሪክ ይህ ደብዳቤ ከቤተሰብ ደብዳቤዎቹ ሁሉ ይበልጣል።

ራምቦ በደብዳቤዎቹ ግርጌ ይፈርማል። በዘመኑ የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ደብዳቤ ግን የሚታመነው በራስጌው ላይ በሚያርፈው ማኅተም ነው፤ ጽሑፉን የሚጽፈው ጸሐፊ ስለሆነ የባለቤቱን እጅ አይፈልጉበትም። ስለዚህ የአውሮፓ ሰብሳቢ የእጅ ጽሑፍንና ፊርማን ሲመረምር፣ የኢትዮጵያን ደብዳቤ የሚመረምር ማኅተሙን አስቀድሞ ያያል።

የቤተሰቡን ደብዳቤዎች በ1899 በመጽሐፍ ያሳተመው የኢዛቤል ባል ፓተርን ቤሪሾን ነው። ይሁን እንጂ አማቹን ለማክበር ሲል ቃላቱን አሳምሯል፣ የገንዘብ ቁጥሮችንም ለውጧል። ተመራማሪዎች ይህን ሊያውቁ የቻሉት መጽሐፉን ከራምቦ እጅ ጽሑፍ ጋር በማነጻጸር ነው። ዋናው ወረቀት ባይተርፍ ኖሮ አንባቢ እስከ ዛሬ የቤሪሾንን ራምቦ ይዞ ይቀር ነበር፤ ለሰብሳቢነት ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት ማግኘት ይከብዳል።

ከስዊሳዊው መሐንዲስና የምኒልክ አማካሪ አልፍሬድ ኢልግ ጋር የተጻጻፋቸው የንግድ ደብዳቤዎች ዕጣ የተሻለ ነበር። ስለ ቡና፣ ስለ ዕቃና ስለ ክፍያ የሚያወሱት እነዚህ ደብዳቤዎች በዣን ቮልሚ መቅድምና ማብራሪያ በ1965 ፓሪስ ውስጥ ታተሙ። ራምቦ በ1891 እግሩ ማርሴይ ላይ ከተቆረጠ በኋላም ራስ መኮንን ከሐረር የማጽናኛ ደብዳቤ ልከውለታል።