በወንዝ ዳር ላለ ንብረት የመድን ሽፋን፦ ቤት፣ ፓምፕ፣ ሰብልና ከብት

ጀውሃ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ መካከል ትገኛለች። ስሟን የምትጋራው ወንዝ ከምዕራቡ ደጋ ወርዶ የይፋትን ቆላ እያቋረጠ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይፈሳል። በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ውሃ በክረምት ሌላ ጠባይ አለው። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ፣ ቆላው ሰማይ ጠርቶ ሳለ፣ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ለመስኖ ሲባል ወንዙን ተጠግቶ የተቀመጠ ንብረት ሁሉ በዚያው ቅርበት ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

ይህን ንብረት በመድን ማስጠበቅ ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ «እንደ ውሉ» ነው። የመድን ውል ንብረትን በጅምላ አይጠብቅም። በስሙ የተጠቀሰን ነገር፣ በተገለጸ ቦታ፣ በተዘረዘረ አደጋ ምክንያት ከሚደርስ ጉዳት ነው የሚጠብቀው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አረቦን በወቅቱ የከፈለ ሰውም ካሳ ላያገኝ ይችላል።

ለብዙዎች የሚታወቀው መድን

በገጠር ብዙ ሰው መድንን የሚያውቀው ከተሽከርካሪ ጋር አያይዞ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ባለተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን የመግባት ግዴታ አለበት። የቤት፣ የመሣሪያ፣ የሰብልና የከብት መድን ግን በፈቃድ የሚገባ ነው። የውሉ ዝርዝር በመድን ሰጪውና በመድን ገቢው ስምምነት ይወሰናል። የዚህ ስምምነት ሕጋዊ መሠረት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ሲሆን፣ ስለ መድን የሚደነግገው ክፍል ከአንቀጽ 654 ይጀምራል። ከ2013ቱ አዲስ የንግድ ሕግ በኋላም ይህ ክፍል በሥራ ላይ ቀጥሏል። የመድን ሰጪዎች ፈቃድና ቁጥጥር የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥልጣን ነው።

በሁለት ዓይነት መካከል የሚቀር ንብረት

በሕንድ ስሪናጋር ከተማ ዳል ሐይቅ ላይ፣ በኔዘርላንድስ አምስተርዳም የውሃ ቦዮች ላይ ሰዎች በጀልባ ቤት ይኖራሉ። እንዲህ ያለው ንብረት ለመድን አስቸጋሪ ነው። ለቤት የተዘጋጀው ውል መሠረት ያለውንና መሬት ላይ የቆመውን ሕንፃ ያስባል፤ ለጀልባ የተዘጋጀው ደግሞ የሚቀዝፈውንና የሚጓጓዘውን። የጀልባ ቤት ከሁለቱም ስላለበት ለብቻው የተጻፈ ውል ይፈልጋል። በኢትዮጵያም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የባሕር ሕግ የባሕር መድንን ለይቶ መደንገጉ፣ በውሃ ላይ ያለ ንብረትና በየብስ ላይ ያለ ንብረት በአንድ ሚዛን እንደማይታዩ ያሳያል።

በጀውሃ ዳር የሚኖር ገበሬ የጀልባ ቤት የለውም፤ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ንብረት ግን አለው። እሱም የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ማታ በቤት ያድራል፤ ቀን ወንዝ ዳር ይውላል፤ አንዳንዴም ለጎረቤት ይከራያል። «በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚገኝ ዕቃ» ተብሎ ከተመዘገበ ወንዝ ዳር ሳለ የደረሰበት ጉዳት ከውሉ ውጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ መሆኑ፣ የሚሠራበትና የሚያድርበት ቦታ፣ የሞተር ቁጥሩና የተገዛበት ዋጋ ተለይተው መጻፍ አለባቸው። የሚከራይ ከሆነም ይኸው ሊገለጽ ይገባል፤ ባለቤቱ ራሱ ከሚጠቀምበት መሣሪያ ይልቅ በኪራይ ከእጅ እጅ የሚዞር መሣሪያ ለአደጋ ይበልጥ የተጋለጠ ነውና።

ቤት፦ ጎርፍ በራሱ አይገባም

መደበኛው የእሳት መድን የሚሸፍነው በዋናነት እሳትንና መብረቅን ነው። ጎርፍ፣ ማዕበል፣ የመሬት መንሸራተትና የመሬት መንቀጥቀጥ ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎባቸው በውሉ ላይ የሚታከሉ አደጋዎች ናቸው። ወንዝ ዳር ቤት ላለው ሰው ይህ ልዩነት ከሁሉም ይበልጣል። የእሳት መድን ገብቶ የጎርፍ ካሳ የሚጠብቅ ሰው ያልገዛውን እየጠበቀ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥም በዚህ አካባቢ ችላ የሚባል አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አውድሟል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የተከሰተው ንቅናቄም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ለቤቱ ውል የሚዋዋል ሰው ሁለቱንም አደጋዎች በስማቸው ጠርቶ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሌላው ጉዳይ የቤቱ አሠራር ነው። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት፣ በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ ቤትና የብሎኬት ቤት እኩል አይታዩም። ከወንዙ ያለው ርቀትና ቀደም ሲል ጎርፍ ደርሶበት ከሆነ ይኸው ይጠየቃል። መድን ሰጪው አደጋውን ለመመዘን የሚያስፈልገውን መረጃ በትክክል መግለጽ በንግድ ሕጉ የመድን ገቢው ግዴታ ነው። ያለፈውን ጎርፍ መደበቅ አረቦኑን ዝቅ ቢያደርግም፣ በካሳ ጊዜ ውሉን እስከ ማፍረስ ሊያደርስ ይችላል።

መሬቱ ራሱ ግን የመድን ሽፋን አያገኝም። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። ጎርፍ የበላው ዳርቻና ታጥቦ የሄደ አፈር በቤት መድን አይካስም። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ የሚጠቅመው በመሬቱ ላይ ያለው ቤት የማን እንደሆነ ለማሳየት ነው።

ሰብል፦ የድርቅ መድን የጎርፍ መድን አይደለም

በኢትዮጵያ የሰብል መድን በሁለት መንገድ ይቀርባል። የመጀመሪያው በማሳው ላይ የደረሰው ጉዳት በባለሙያ ታይቶ የሚካስበት ነው። ሁለተኛው የአየር ጠባይ መለኪያን መሠረት ያደረገው ነው። በሁለተኛው ዓይነት ማሳውን የሚያይ ሰው አይኖርም፤ የዝናቡ መጠን ወይም በሳተላይት የሚታየው የዕፅዋት ልምላሜ ከተወሰነው ወለል በታች ሲወርድ በአካባቢው ላሉ መድን ገቢዎች ሁሉ ይከፈላል።

አሠራሩ በአገሪቱ አዲስ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ለሚደርስ ድርቅ ከአንድ የፈረንሳይ ጠለፋ መድን ሰጪ ጋር ውል ገብቶ ነበር፤ ዝናቡ በቂ ስለነበር ክፍያ አልተደረገም። በ2001 ዓ.ም. በትግራይ አዲ ሐ ለአነስተኛ ገበሬዎች የተጀመረው ፕሮግራም በኋላ ወደ አማራ ክልልም ሰፍቷል። በዚያ ፕሮግራም አቅም የሌላቸው ገበሬዎች አረቦኑን በጥሬ ገንዘብ ፈንታ በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ መክፈል ይችሉ ነበር።

ለጀውሃ ገበሬ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። የዝናብ እጥረትን የሚለካ መድን የዝናብ ብዛት ላደረሰው ጉዳት አይከፍልም። ማሽላው ወይም ማሾው በድርቅ ቢጠፋ የሚያስከፍለው መለኪያ፣ ሽንኩርቱ በጎርፍ ሲወሰድ ምንም ላያሳይ ይችላል። ከዚህም ሌላ መለኪያው የአካባቢውን አማካይ ስለሚያይ፣ የአንድ ሰው ማሳ ብቻውን ተጎድቶ ክፍያ ሳይኖር ሊቀር ይችላል። በመስኖ የሚያለማ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት ጎርፍ፣ በረዶና ተባይ በዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን ለይቶ ማወቅ አለበት።

ከብት፦ ሞትና የሞት ምክንያት

የከብት መድን በአብዛኛው የሚሸፍነው በበሽታ ወይም በአደጋ የሚደርስ ሞትን ነው። የከብቱ ዕድሜ፣ ዝርያና ዋጋ ይመዘገባል፤ ጤናማ መሆኑና ክትባት መውሰዱ በእንስሳት ሐኪም ይረጋገጣል፤ ለመለያም የጆሮ ምልክት ይደረግበታል። ከብት በጎርፍ ሲወሰድ ሬሳው ላይገኝ ይችላል። በመሆኑም ሬሳው ባልተገኘበት ሁኔታ ምን ማስረጃ እንደሚበቃ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በቦረና በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የከብት መድን ከዚህ የተለየ ነው። በሳተላይት የግጦሽን ሁኔታ ለክቶ ለአርብቶ አደሮች ይከፍላል። ይህም ድርቅን እንጂ የአንድን ከብት በውሃ መወሰድ አይመለከትም።

የገንዘቡ መጠን

መድን ለማካካስ እንጂ ለማትረፍ አይደለም። ካሳው ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። ስለዚህ ዋጋን ማናር አረቦን ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም። ዋጋን ዝቅ ማድረግ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ለምሳሌ 80,000 ብር የሚያወጣ ፓምፕ በ40,000 ብር ቢመዘገብና የ20,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ መድን የተገባው ለዋጋው ግማሽ ብቻ ስለሆነ ካሳው 10,000 ብር ሊሆን ይችላል። ከዚህም ላይ በውሉ የተጻፈው የመድን ገቢው ድርሻ ይቀነሳል። የዕቃ ዋጋ በየጊዜው በሚንርበት ወቅት የንብረቱን ግምት በየዓመቱ ውል ሲታደስ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ማን ዘንድ መሄድ

አንድ ገበሬ ብቻውን ለአንድ ፓምፕ ወይም ለሁለት በሬ መድን ሲጠይቅ፣ የውሉ ወጪ ከአረቦኑ ሊበልጥ ስለሚችል መድን ሰጪው ላይፈልገው ይችላል። የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ወይም ኅብረት ሥራ ማኅበር በአባላቱ ስም ሲጠይቅ ግን ጉዳዩ ይቀላል። ብድር የሚሰጥ ተቋምም ለብድሩ መያዣ የሆነው ንብረት መድን እንዲኖረው ሊጠይቅ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ተበዳሪው ካሳው በቅድሚያ ለማን እንደሚከፈል ማንበብ አለበት።

ለጀውሃ ቅርብ የሆኑት ትልልቅ ከተሞች ደብረ ብርሃንና ደሴ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመንግሥቱ የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም ሆነ ከ1986 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ የተቋቋሙት የግል መድን ሰጪዎች በቅርንጫፍ ወይም በወኪል ይሠራሉ። ወኪል የአንድ መድን ሰጪ ተወካይ ሲሆን፣ የመድን ደላላ ግን ለደንበኛው የተለያዩ መድን ሰጪዎችን ዋጋ ያወዳድራል። በሃይማኖቱ ምክንያት ከወለድ ነፃ አሠራር ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ብሔራዊ ባንክ በቅርብ ዓመታት በመመሪያ የፈቀደው የተካፉል አገልግሎት አለ።

በይፋትና በወሎ ቅሬ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር፣ በሌላው አካባቢ እድር፣ ሰው ሲሞት ቀድሞ ይደርሳል፤ በአንዳንድ ቦታ ከብት የሞተበትንም ይረዳል። ነገር ግን ደራሽ ጎርፍ የአንድ ቅሬ አባላትን በአንድ ሌሊት ሊመታ ይችላል፤ ሁሉም በተጎዳ ጊዜ የሚያዋጣ አይኖርም። መድን ከዚህ የሚለየው አደጋውን ጎርፉ ላልደረሰባቸው የሩቅ ሰዎች ጭምር በማካፈሉ ነው።

ከመፈረም በፊትና ከጉዳት በኋላ

ከመፈረም በፊት የማይሸፈኑ አደጋዎች ዝርዝር መነበብ አለበት። ጦርነትና ሁከት በመደበኛ ውል የማይሸፈኑ ሲሆኑ፣ ለሁከትና ለመሰል አደጋዎች የተለየ ሽፋን መኖሩን መጠየቅ ይቻላል። የቃል ተስፋ በውሉ ላይ ካልሰፈረ አይጠቅምም። የግዢ ደረሰኝ፣ የፓምፑና የቤቱ ፎቶግራፍ፣ የከብቱ የክትባት ማስረጃ ጎርፍ ከማይደርስበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከወንዙ ርቆ በሚኖር ዘመድ ቤት፣ ቅጂያቸው ቢቀመጥ ይመረጣል።

ጉዳት ሲደርስ ለመድን ሰጪው በውሉ በተወሰኑት ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የቀረውን ንብረት ከተጨማሪ ጉዳት ማዳን የመድን ገቢው ኃላፊነት ነው፤ ገማቹ ከመምጣቱ በፊት ግን የተበላሸውን መጣል ወይም መጠገን አይገባም። ከቀበሌና ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የጉዳት ማረጋገጫ መያዝም ጠቃሚ ነው። ከመድን ውል የሚነሣ ክስ በንግድ ሕጉ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ካሳ የተከለከለ ሰው በቃል ብቻ እየተመላለሰ ይህን ጊዜ ማሳለፍ የለበትም።

ለውል የሚስማማው ወቅት በጋው ነው። ወንዙ መሙላት ከጀመረ በኋላ የቀረበ ጥያቄ ውድቅ ሊሆን ወይም የመጠበቂያ ጊዜ ሊጣልበት ይችላል። የበጋው ሽንኩርት ተሽጦ ገንዘብ በእጅ በሚኖርበትና ክረምቱ ገና ባልገባበት ጊዜ፣ ማኅበራት የአባሎቻቸውን ፓምፖችና ከብቶች ቆጥረው፣ የጎርፍ ሽፋን በስሙ የተጻፈበትን የዋጋ ማቅረቢያ ከሁለትና ከሦስት መድን ሰጪዎች ሊጠይቁ ይችላሉ።