ከአፈር የወጣ ብር፦ የአክሱም ዘመን የብር ሳንቲሞች አለያየትና አመዘጋገብ

የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ የራሳቸውን ሳንቲም አስመትተዋል። ከመሬት በብዛት የሚወጣው የመዳቡ ነው፤ የወርቁ ሲገኝ ወሬው ወዲያው ይዛመታል። የብሩ ግን ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ያልፋል። ቀጭን ነው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ አፈር ውስጥ ሲቆይ ደግሞ ጠቁሮ የድንጋይ ቅርፊት ይመስላል። ክረምት ሲወጣ ዝናብ ባጠበው ማሳ ላይ ወይም በትልም ውስጥ ገበሬና እረኛ የሚያነሡት፣ በቤት መሠረት ቁፋሮም የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ይህን መስሎ ነው።

ለአክሱም ታሪክ ሳንቲም ከዋና ዋናዎቹ ምንጮች አንዱ ነው። እንዱቢስና አፊላስ የሚባሉ ነገሥታት መኖራቸው የታወቀው በሳንቲሞቻቸው ነው። በኋላ ዘመን የተጻፉት የነገሥታት ዝርዝሮች ከጥቂት ስሞች በቀር በሳንቲሞቹ ላይ ካሉት ጋር አይገጥሙም። ሳንቲሞቹም ዓመተ ምሕረት አልተጻፈባቸውም። ስለዚህ የነገሥታቱ ቅደም ተከተል የሚሠራው ከሳንቲሞቹ ክብደት፣ ከምስላቸው፣ ከፊደላቸው አጣጣልና ከተገኙበት ቦታ ነው። አንዲት ሳንቲም በስሕተት ከተመዘገበች አንድ ንጉሥ ከዘመኑ ሊነቀል ይችላል።

ሳንቲሙ የሚሠራው በእጅ ነበር። የቀለጠው ብር በትንንሽ ጥፍጥፍ ይዘጋጃል። የፊት ገጹ ምስል በግልባጩ የተቀረጸበት የታችኛው ማኅተም በመስፍ ላይ ይተከላል፤ ጥፍጥፉ በላዩ ይቀመጣል፤ የጀርባውን ምስል የያዘው ሁለተኛው ማኅተም ከላይ ተደግኖ በመዶሻ ይመታል። ይህ አሠራር በእያንዳንዱ ሳንቲም ላይ አሻራውን ይተዋል። ክቡ ትክክለኛ ክብ አይሆንም፤ ጠርዙ አንዳንድ ቦታ ይሰነጠቃል፤ ምስሉ ከመሃል ፈቀቅ ብሎ የጽሑፉ ግማሽ ከጥፍጥፉ ውጭ ይቀራል፤ ምቱ ሲደገም ደግሞ የንጉሡ አፍንጫ ወይም ከፊደላቱ አንዱ ጥላ ያወጣል። ሳንቲም ለማየት አዲስ የሆነ ሰው እነዚህን እንደ ጉድለት ይቆጥራቸዋል፤ ለለመደው ግን የእውነተኛነት ምልክት ናቸው።

በመዶሻ የተመታውን በማሽን ከተሠራው መለየት አይከብድም። በኢትዮጵያ ቤቶች ከአያት የወረደ «የድሮ ብር» ሲባል ብዙ ጊዜ ጠገራ ብር ነው፤ ማለትም የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበትና በየትኛውም ዓመት ቢሠራ 1780 የሚል ቁጥር የሚታተምበት፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን ትልቅ ብር። የዳግማዊ ምኒልክ ብርም ክብደቱ ወደዚያው ይጠጋል። የሁለቱም ክብ የተስተካከለ ነው፤ የማርያ ቴሬዛው ጠርዝ ላይማ ጽሑፍ አለ። የአክሱሙ የብር ሳንቲም ከዚህ ጋር ሲተያይ ፍሬ ያህል ነው። በመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ዘመን 2 ግራም ገደማ ይመዝን ነበር፤ በኋላ 1 ግራም ወይም ከዚያ በታች ወረደ። ይበልጥ የሚያደናግሩት ሌሎች በመዶሻ የተመቱ ትንንሽ ሳንቲሞች ናቸው። የሐረር አሚሮች ያስመቱት ማሐለቅ በዐረብኛ ጽሑፉ ይለያል። ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣው የሒምያር ብር ደግሞ ትንሽ የራስ ምስል ስላለው ካልተጠነቀቁ ከአክሱሙ ጋር ይቀላቀላል፤ የሚለየው በዙሪያው የንጉሡን ስም በግሪክኛ ወይም በግዕዝ የማይዝ በመሆኑና በደቡብ ዐረቢያ ፊደል በተጠላለፉ ምልክቶቹ ነው።

ሳንቲሙ ሲገኝ የመጀመሪያው ፈተና የማጽዳት ፍላጎት ነው። ብር አፈር ውስጥ ከጨው ጋር ሲገናኝ በላዩ ግራጫ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ ድርብ ይሠራል፤ ብሩ ከመዳብ ጋር የተቀላቀለ ከሆነ መዳቡ ወደ ላይ እየወጣ አረንጓዴ ያደርገዋል። ከዚህ ድርብ ሥር ያለው ብር ብዙ ጊዜ ተሰባሪ ሆኗል። የቤት ዕቃ የሚወለወልበት አመድ፣ አሸዋ ወይም ሎሚ ሳንቲሙን ለአንድ ቀን ያበራውና ፊደሉን ለዘለዓለም ያጠፋዋል። በአክሱሙ ብር ላይ ጉዳቱ የባሰ የሚሆንበት የተለየ ምክንያት አለ። የአክሱም አንጥረኞች በአንዳንድ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ በተመረጠ ቦታ ወርቅ ይለብጡ ነበር። በንጉሥ ዋዜባ ብር ጀርባ ላይ ወርቁ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ክብ ሆኖ ይታያል፤ በአርማሕ ብር ላይ ደግሞ መስቀሉ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ከነበሩት መንግሥታት መካከል ይህን ያህል ትንሽ ሳንቲም በወርቅ መለበጥን ልማዱ ያደረገ ሌላ ማግኘት ያስቸግራል። ልባጡ እጅግ ስስ ነው። አንድ ጊዜ በጣት በደረቁ ማሸት ከድርቡ ጋር ይዞት ሊሄድ ይችላል፤ ያጸዳው ሰውም ወርቅ እንደነበረ እንኳ ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ ሳንቲሙ ከነአፈሩ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ተመዝኖ፣ ለብቻው በወረቀት ፖስታ ይቀመጣል፤ ማጽዳቱ በማጉያ መነጽር ሥር ለሚሠራ ባለሙያ ይተዋል።

የማንነቱ ምርመራ የሚጀመረው ከምስሉ ነው። በወርቁ ሳንቲም ላይ ንጉሡ ብዙ ጊዜ በአንዱ ገጽ ዘውድ ደፍቶ፣ በሌላው ሻሽ አስሮ፣ በሁለት የእህል ዘለላ መካከል ይታያል። ብሩ የተቆጠበ ነው፦ በአብዛኛው ሻሽ የታሰረ ራስና ትከሻ፣ በዙሪያው ጽሑፍ። ከራሱ በላይ ያለችው ትንሽ ምልክት ግን ብዙ ትናገራለች። ጨረቃና ክብ ካሉ ሳንቲሙ ከክርስትና በፊት ነው፤ መስቀል ካለ ዒዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ነው። ዒዛና ራሱ በሁለቱም ምልክቶች አስመትቷል፤ የመንግሥቱን ሃይማኖታዊ ለውጥ በእጅ ላይ ይዞ ማየት የሚቻልበት እንዲህ ያለ ማስረጃ ጥቂት ነው። ምልክቷ የምትገኘው ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ ስለሆነ ምቱ ፈቀቅ ሲል መጀመሪያ የምትጠፋው እርሷ ናት። በዚህ ጊዜ መዝጋቢው «ምልክቱ ከጥፍጥፉ ውጭ ቀርቷል» ብሎ ይጽፋል እንጂ «ምልክት የለውም» አይልም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመቶ ዓመት ስሕተት ሊያመጣ ይችላል።

ስም ብቻውን አያድንም። ኡሳናስ የሚባል ንጉሥ በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አለ፤ ከካሌብ በፊትም በስድስተኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ተመሳሳይ ስም ይመጣል። የፊተኛው ጨረቃና ክብ አለው፤ የኋለኛው መስቀል። ዋዜባና ዋዜባስም እንዲሁ ሁለት ሰዎች ናቸው። የዋዜባ ብር ከራሱ ዙሪያ ወርቅ አለው፤ የዋዜባስ መዳብም ከንጉሡ ራስ ጀርባ ወርቅ ስላለው ማዕድኑን በቅጡ ያልመረመረ መዝጋቢ ሁለቱን ሊያምታታ ይችላል። ለዚህ የሚረዳ ሌላ ምልክት አለ። በመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ሳንቲሞች ላይ «ቢሲ» የሚል ቃል ይመጣል፤ የግዕዙ «ብእሲ» በግሪክ ፊደል የተጻፈ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ስም ከንጉሥ ንጉሥ ይለያል፦ እንዱቢስ ቢሲ ዳኩ፣ አፊላስ ቢሲ ዲሜሌ፣ ኡሳናስ ቢሲ ጊሴኔ፣ ዒዛና ቢሲ አሌኔ። የንጉሡ ስም ተበልቶ ከ«ቢሲ» ቀጥሎ ካለው ስም ሦስት ፊደል ብቻ ቢተርፍ እንኳ ባለቤቱን መለየት ይቻላል።

ጽሑፉን መገልበጥ ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች ግሪክኛ ናቸው፤ «ባሲሌውስ» ማለትም ንጉሥ የሚለው ቃል በብዙዎቹ ላይ አለ፤ በዚህ አጻጻፍ የ«ስ» ድምፅ ፊደል ግማሽ ጨረቃ ስለሚመስል ጀማሪ ከሃይማኖታዊው ጨረቃ ጋር ያምታታዋል። ዋዜባ ግን በወርቁም ላይ ሳይቀር ግዕዝን መረጠ፤ በወርቅ ሳንቲም ላይ ግዕዝ ያስጻፈ ብቸኛው ንጉሥ እርሱ ነው። ዘመኑ እየገፋ ሲሄድ በብርና በመዳብ ላይ ግዕዙ ቦታ ያዘ፤ ግሪክኛው ደግሞ በቋንቋው በማይጽፉ እጆች እየተገለበጠ ፊደሉ ተሰባበረ። የግዕዙ ጽሑፍ በአብዛኛው አናባቢ ስለሌለው መዝጋቢው ሁለት ነገር ለይቶ ማስቀመጥ አለበት፦ በሳንቲሙ ላይ ያለውን ተነባቢ እና ከዚያ የገመተውን ንባብ። በመዳብ ሳንቲሙ ላይ «በዝ መስቀል ትመውእ» የሚለውን ያስጻፈው ንጉሥ ስሙ በሳንቲሙ ላይ መሐደየሰ ሆኖ ነው የተጻፈው፤ እንዴት እንደሚነበብ ስምምነት ስለሌለ ሊቃውንት ተነባቢዎቹን ብቻ መጻፍን መርጠዋል። መዝገብም ይህን ማድረግ አለበት። የተበላው ፊደል በነጥብ ይጠቆማል፤ የተገመተው በቅንፍ ይገባል፤ «መሆን አለበት» ተብሎ የተሞላ ፊደል ሳይለይ ከገባ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ ያላየውን እንዳየ አድርጎ ይጠቅሰዋል።

መዝገቡ ራሱ ረዥም መሆን የለበትም። ክብደት እስከ ግራም መቶኛ፤ ዲያሜትር በሰፊውና በጠባቡ በኩል፤ የሁለቱ ገጾች አቅጣጫ ዝምድና፤ የእያንዳንዱ ገጽ መግለጫ፤ የጽሑፉ ግልባጭ፤ የጉዳቱ ዓይነት። አቅጣጫው የሚለካው ሳንቲሙን የፊት ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከያዙ በኋላ ከጎን ወደ ጎን በማገላበጥ ነው፤ የጀርባው ራስ ወደ ላይ ካመለከተ እንደ ሰዓት 12፣ ወደ ታች ካመለከተ 6 ተብሎ ይጻፋል። ፎቶግራፉ ሁለቱንም ገጽ ከመለኪያ ጋር ያሳያል። መብራቱ ከአንድ ጎን ዝቅ ብሎ ቢመጣ ይመረጣል፤ በዓይን የማይነበብ ፊደል በጎን ብርሃን ጥላ አውጥቶ ይነበባል።

ክብደቱ ብቻውን የሚናገረው አለ። የወርቁ ሳንቲም በእንዱቢስ ዘመን 2.7 ግራም ገደማ ነበር፤ የሮሙ ቆስጠንጢኖስ አዲሱን የወርቅ ሳንቲም በምሥራቁ ግዛቱ ካስፋፋ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ324 ወዲህ፣ ወደ 1.6 ግራም ዝቅ አለ። አክሱም ከሮም ጋር የምትገበያይ ስለነበረች መለኪያዋን አስተካከለች። ነገር ግን ከአፈር የወጣ ብር በዝገት ሊከብድም፣ መዳቡ ተበልቶ ሊቀልም ስለሚችል፣ የአንድ ሳንቲም ክብደት ሕግ አይሆንም፤ የብዙዎቹ ድምር ነው የሚያስረዳው። መዝገብ ሲበዛ ዋጋው የሚጨምረው ለዚህ ነው። የማኅተም ንጽጽርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ማኅተም ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ከዚያ በኋላ በሚመታቸው ሳንቲሞች ሁሉ ላይ ይታያል፤ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች የተገኙ ሁለት ሳንቲሞች ከአንድ ማኅተም መውጣታቸው በፎቶግራፍ ብቻ ሊረጋገጥ ይችላል። በአንዱ ገጽ የዋዜባን፣ በሌላው የኡሳናስን ስም የያዘው ሳንቲም ሁለቱ ነገሥታት በዘመን ጎረቤት መሆናቸውን ያሳወቀው እንዲህ ባለ ምርመራ ነው፤ አብረው ገዝተው ነው ወይስ የአንዱ ማኅተም በሌላው ዘመን ተሠርቶበት ነው የሚለው አሁንም ያከራክራል።

አስመስሎ የተሠራም አለ። የዛሬ አስመሳይ በአብዛኛው በቅርጽ የፈሰሰ ነው። ገጹ ላይ የአየር ቀዳዳ ነጠብጣብ፣ በጠርዙ ዙሪያ የመጋጠሚያ መስመር ይታያል፤ ፊደሉም ሳሙና የተቀባ ይመስል ይለሰልሳል። በመዶሻ የተመታ ፊደል ቢያረጅ እንኳ ሥሩ ስል ነው። ሁለት ሳንቲሞች በጠርዛቸው ስንጥቅና በምታቸው ፈቀቅታ ጭምር አንድ ዓይነት ከሆኑ ቢያንስ አንደኛው ሐሰተኛ ነው፤ እጅ አንድን ስሕተት ሁለት ጊዜ በትክክል አይደግምም።

ከሁሉ በላይ የሚጠፋው ግን የመገኛ ቦታው ነው። ክብደት ከመቶ ዓመት በኋላም ይለካል፤ ፊደል ነገም ይነበባል፤ ሳንቲሙ የወጣበት ማሳ ግን ካልተጻፈ በዚያው ቀን ይረሳል። በ1940 እ.ኤ.አ. ገደማ በደብረ ዳሞ የተገኙት ከመቶ በላይ የሰሜን ሕንድ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ትልቅ ቁም ነገር የሆኑት ደብረ ዳሞ ላይ በመገኘታቸው ነው፤ እዚያው ሰሜን ሕንድ ቢገኙ ተራ ነገር ነበሩ። በየመን አል ማድሐሪባ ከተገኙት 1,194 የወርቅ ሳንቲሞች ውስጥ 868ቱ የአክሱም መሆናቸው፣ ቀሪዎቹም የሮም መሆናቸው የተነገረው ክምችቱ እንደ አንድ ስለተጠና ነው። ሳንቲሞቹ አንድ በአንድ ገበያ ላይ ተበትነው ቢሆን ኖሮ አብረው መቀበራቸውን ማንም አያውቅም ነበር። ስለዚህ ወረዳውና ቀበሌው፣ የአካባቢው ሰው ለቦታው የሚሰጠው ስም፣ ጥልቀቱ፣ አብሮ የወጣ የሸክላ ስባሪ ወይም ድንጋይ፣ የተገኘበት ቀንና ሁኔታ ይጻፋሉ፤ በስልክ ከተቻለ የጂፒኤስ ነጥብ ይያዛል። ቦታው በትክክል ካልታወቀም የታወቀው ያህል ብቻ ይጻፋል፤ «አክሱም አካባቢ» የሚል እውነተኛ መግለጫ ከተፈጠረ የማሳ ስም ይሻላል።

በኢትዮጵያ ሕግ እንዲህ ያለ ግኝት የአገር ቅርስ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በእርሻ፣ በግንባታ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ ባለበት ሁኔታ እንዲጠብቀው ያዛል። በተግባር ገበሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ወደ ወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው፤ የተቀበለው ሠራተኛ በእርሳስ የቦታውን ስምና ቀኑን ፖስታው ላይ ጽፎ ሳንቲሙን ከነአፈሩ ያስገባበታል። ለስላሳው የፕላስቲክ ከረጢት ለዚህ አይሆንም፤ ሙቀት ሲያገኘው የሚያወጣው አሲድ ብሩን ይበላል።