ጂ.ኤስ.ጂ. 9፦ ከሙኒክ እገታ በኋላ የተቋቋመው የጀርመን ልዩ የፖሊስ ኃይል

ጂ.ኤስ.ጂ. 9 በጀርመን ፌዴራል ፖሊስ ሥር የሚገኝ፣ የሽብርና የእገታ ወንጀሎችን ለመቋቋም የተደራጀ ልዩ ኃይል ነው።

ለመመሥረቱ ምክንያት የሆነው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ 11 የእስራኤል ስፖርተኞችና አሠልጣኞች የተገደሉበት እገታ ነው። 8 አጋቾችን እንዲገጥሙ በአየር ማረፊያ የተሰማሩት 5 ተኳሽ ፖሊሶች ልዩ ሥልጠናም ሆነ የመገናኛ ሬዲዮ አልነበራቸውም።

የወቅቱ የምዕራብ ጀርመን መንግሥት በዚያው ወር ኃይሉ እንዲቋቋም ወሰነ፤ የመጀመሪያው አዛዥም ኡልሪሽ ቬግነር ነበሩ።

ኃይሉ በጥቅምት 1977 በሶማሊያ መንግሥት ፈቃድ ሞቃዲሾ ላይ ባካሄደው ዘመቻ፣ በተጠለፈው የሉፍታንዛ አውሮፕላን ውስጥ የነበሩትን 86 ታጋቾች በሙሉ በሕይወት አስለቅቋል። ዋና አብራሪው ግን ቀደም ሲል ኤደን ላይ በጠላፊዎቹ ተገድለው ነበር።

በሙኒክ ያልነበረውና በሞቃዲሾ የታየው አስቀድሞ የተደረገ ዝግጅት ነው።