የኔትወርክ ስዊቾች መጠባበቂያ መስመርና የብልሽት መለያ ዘዴዎች

የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚገናኙት ስዊች በተሰኙ መሣሪያዎች አማካይነት ነው። ሁለት ስዊቾችን የሚያገናኘው መስመር አንድ ብቻ ከሆነ ኬብሉ በተቆረጠ ጊዜ አገልግሎቱ ስለሚቋረጥ ሁለተኛ መስመር በመጠባበቂያነት ይዘረጋል። ይሁን እንጂ መጠባበቂያው በአግባቡ ካልተዋቀረ ራሱ የብልሽት ምንጭ ይሆናል።

ለዚህም ምክንያቱ ለሁሉም ኮምፒውተሮች የሚላክ መልእክት በሁለቱ መስመሮች ያለማቋረጥ እየዞረና እየተባዛ ኔትወርኩን የሚያጨናንቅ መሆኑ ነው። ይህንን ዙሪት ለመከላከል ስፓኒንግ ትሪ የተባለው ስልት ትርፉን መስመር ዘግቶ በማቆየት ዋናው ሲበላሽ ይከፍተዋል። ስልቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ይፋ ያደረጉት አሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ራዲያ ፐርልማን ናቸው። የቀድሞው ስልት መስመር ለመቀየር ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይፈጅ የነበረ ሲሆን፣ በ2001 የወጣው ፈጣኑ ደረጃ ጊዜውን ወደ ጥቂት ሰከንዶችና ከዚያም በታች አውርዶታል።

ሌላው አማራጭ በ2000 ደረጃ የወጣለት ኤልኤሲፒ ሲሆን፣ በርካታ ኬብሎችን እንደ አንድ መስመር በጋራ ያሠራል። ስዊቾቹ በየ30 ሰከንዱ ወይም በየ1 ሰከንዱ መልእክት ይለዋወጣሉ፤ ሦስት ተከታታይ መልእክቶች ሲቀሩ፣ ማለትም ከ90 ወይም ከ3 ሰከንድ በኋላ፣ የተበላሸው ኬብል ከአገልግሎት ይወጣል።

ለመለየት አስቸጋሪ የሆነው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከሰት ብልሽት ነው። በፋይበር መስመር መላኪያውና መቀበያው አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ክሮች በመሆናቸው አንዱ ሲበላሽ መስመሩ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። በዚህ ጊዜ መልእክት ያልደረሰው ስዊች የተዘጋውን መስመር በመክፈት ዙሪት ይፈጥራል። ዩዲኤልዲ የተሰኘው ዘዴ ግን ይህንን ለይቶ ፖርቱን ይዘጋል።

የጉዳቱን ክብደት በቦስተን የሚገኘው የቤዝ እስራኤል ዲከነስ የሕክምና ማዕከል በኖቬምበር 2002 ካጋጠመው መረዳት ይቻላል። ስፓኒንግ ትሪ ሊመራው ከሚችለው ወሰን በላይ የሰፋው ኔትወርክ በመጨናነቁ ሠራተኞች ለቀናት በወረቀት ለመሥራት ተገደዋል።

ስለሆነም የመጠባበቂያ መስመር መዘርጋት ብቻውን በቂ አይደለም። በሥራ ሰዓት ያልሆነ ጊዜ ተመርጦ ዋናው መስመር እንዲነቀልና የመቀየሪያው ጊዜ እንዲመዘገብ ማድረግ ያስፈልጋል። መጠባበቂያው ሲበላሽ አገልግሎቱ ስለማይቋረጥ፣ ማስጠንቀቂያ ካልተዘጋጀለት ብልሽቱ የሚታወቀው ዋናው መስመር በተቆረጠ ዕለት ይሆናል።